የተዘጋው አፕዴት እና ያልተያዘው ቅጂ

ጊንጆም ሆነ ሌላ የጅማ ሰፈር፣ ኮምፒውተሩን ያስጠገነ ሰው ይህን ሳይሰማ አይወጣም፦ «ጋሼ፣ አፕዴቱን ዘግቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም።» ባለቤቱ አመስግኖ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ጠጋኙም ባለቤቱም መልካም ነገር የተሠራ ይመስላቸዋል።

አፕዴት የሚዘጋው በስንፍና አይደለም፤ በቂ ምክንያት አለ። ዳታ በገንዘብ ይገዛል፤ ዊንዶውስ 11ን ለማውረድ ብቻ ከ4 ጊጋባይት በላይ ይጠይቃል። መብራት ደግሞ የሚተማመኑበት አይደለም። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ከጅማ ብዙም አይርቅም፤ ከተማዋ ግን አፕዴቱ 40 በመቶ ሲደርስ መብራት እንደማይሄድባት ማንም ዋስትና አይሰጣትም። በብዙ ማሽኖች ላይ ያለው ዊንዶውስ ደግሞ የተገዛ ሳይሆን በክራክ የተጫነ ነው፤ ባለቤቱ አፕዴቱ «ያጋልጠኛል» ብሎ ይሰጋል።

ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ መፍትሔው ግን የተሳሳተ ነው።

ጥቅምት 4 ምን ሆነ?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ጥገና አቆመ። በጅማ ዞን ወሩ ቀይ እሸት ቡና የሚለቀምበት፣ ከአጋሮ እስከ ሊሙ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሌሊት ሳይቀር የሚሠሩበት ነው። በዚያ ወር ስለ ኮምፒውተር የሚያስብ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ማሽኖቹም አልቆሙም፤ በማግስቱ እንደ ወትሮው ተከፈቱ። አደጋው የማይታየውም ለዚህ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል።

ያልተደፈነ ቀዳዳ ምን እንደሚያመጣ ዓለም በ2009 ዓ.ም. አይቷል። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ጥገናውን አወጣ። ግንቦት 4 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ተነሣ፤ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገደዱ። መድኃኒቱ ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት በአመዛኙ ያልወሰዱት ናቸው።

አፕዴትም ያጠፋል

ይህ ሲባል ግን አፕዴት ሁሉ ከስህተት የጸዳ ነው ማለት አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ሰነድ ስላጠፋ ማይክሮሶፍት ሥርጭቱን ለማቋረጥ ተገዷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የላከው የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ከሥራ ውጭ አድርጎ አውሮፕላኖችን መሬት ላይ አስቀርቷል።

እንግዲህ መዝጋትም ያስከፍላል፣ መክፈትም ያሰጋል። የሁለቱም ጉዳት መድኃኒት ግን አንድ ነው፦ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ። ቫይረስ ቢቆልፈውም፣ አፕዴት ቢያጠፋውም፣ መብራት ቢያቃጥለውም ቅጂ ያለው ሰው በነጋታው ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ የጅማ ቢሮዎች ዋና ችግር አፕዴት ሳይሆን ቅጂ አለመኖሩ ነው።

ምን ሊጠፋ ይችላል?

የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል ያወጣው ሕግ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ቢራዘምም አልተሰረዘም። አንድ የገበሬዎች ማኅበር በእግር ተኪዶ የተሰበሰበውን የማሳ መረጃ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ካስቀመጠ፣ የመቶዎች አባላት ገበያ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ፍላሽ ይዞ የሚዞር ተማሪም እጣው ያው ነው።

ብዙ ድርጅቶች አሁንም በቆየ ፒችትሪ ሒሳብ ይሠራሉ። ለፒችትሪ ከራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ ባክአፕ መውሰድ ይመረጣል። መጫኛውና የፈቃድ ቁጥሩም አብረው ይቀመጡ። የቢሮ ደብዳቤ በቁቤ ስለሚጻፍ የፊደል ችግር የቀረ ይመስላል፤ የቆዩ የአማርኛ ውሎች ግን በድሮዎቹ የግእዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ ናቸው። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ አብሮ ከጠፋ፣ ሰነዱ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ፎንቱም ይቀዳ።

ዝግጅቱ

1. ከኮምፒውተሩ ውጭ ሁለት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቅጂ አይባልም፤ ቫይረሱ እሱንም ይቆልፈዋል።
2. ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይፈተሽ። ዴስክቶፕና ዳውንሎድ ላይ ያሉ ፋይሎች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ።
3. ቢትሎከር የበራበት ላፕቶፕ ከአፕዴት በኋላ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ቁልፉ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ።
4. ዲስኩ ላይ 20 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ይኑር።
5. የላፕቶፑ ባትሪ ይሙላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ተራ ዩፒኤስ የሚያቆየው ለደቂቃዎች ስለሆነ ለትልቅ አፕዴት አይበቃም፤ ጄኔሬተር ያለው ቢሮ ያዘጋጀው።
6. ገበሬ በሚከፈልበት ቀንም ሆነ ወር መጨረሻ ላይ አይጀመር። መጀመሪያ በአንድ ማሽን ይሞከር።
7. ዊንዶውስ አንዱ ማሽን ያወረደውን አፕዴት በዚያው ኔትወርክ ላሉት እንዲያካፍል ማድረግ ይቻላል። አምስት ኮምፒውተር ያለው ቢሮ አምስት ጊዜ ዳታ መክፈል የለበትም።

ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው አሮጌ ማሽኖችስ? አዲሱ ሥርዓት ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍልና በኢንቴል በኩል በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ «አዲስ ግዙ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ተጨማሪ ጥገና ፈቅዷል፤ መመዝገብ ግን ግድ ነው። ለጽሕፈትና ለኢሜይል ብቻ የሚያገለግል ማሽን በነጻ የሚገኘውን ኡቡንቱ ሊጭን ይችላል። ሒሳብ ብቻ የሚሠራበት አሮጌ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተለይቶ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ፍላሽ እንደልብ አይሰካበት።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

ለመኪና ዘይትና ጎማ በጀት የሚይዝ መሥሪያ ቤት ለአንድ ተንቀሳቃሽ ዲስክ መስመር የለውም። ማሽኑ ሲወድቅ የአይቲው ልጅ ይጠራል፤ ፎርማት ያደርገዋል፤ ፋይል ሲጠፋም ይወቀሳል። ዲስክ ይገዛ ብሎ ሲጠይቅ ግን የሰማው የለም። ቅጂ መያዝ የቴክኒሻን ውለታ ሳይሆን የሥራ አስኪያጅ ግዴታ ነው፤ በዓመታዊ ዕቅድ ተጽፎ፣ በኦዲት ሊጠየቅበት ይገባል።

ድስት ጥዶ ማልቀስ ያኔም አልጠቀመም። እሸቱ ማጠቢያ ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ማድረቂያ አልጋው እንደሚጠገን ሁሉ፣ የማኅበሩ ላፕቶፕም ከለቀማው በፊት ይዘጋጅ። ያኔ ጠጋኙ ልጅ «አፕዴቱን ዘግቼዋለሁ» ከማለቱ በፊት «ጋሼ፣ ቅጂ ይዘዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።