የፈላ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

አንዲት የቤት እመቤት ያላጠበችውን ድስት ውሃ አፍልታበት «ተሕዋስያኑ ሞተዋልና ንጹሕ ነው» ብትል የሚያምናት የለም። እሳት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ የተጣበቀውን እድፍ አያነሣም። ይህ በማእድ ቤት የታወቀ እውነት በሕክምና መሣሪያም ላይ አይለወጥም።

በዘመናችን የቲታኒየም ዱቄት በጨረር እየቀለጠ፣ ንጣፍ በንጣፍ እየተደራረበ፣ ለተጐዳ ዐጥንት ምትክ ይሠራል። ምትኩ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የበዛበት የሚሆነው የሕመምተኛው ዐጥንት ወደ ውስጡ እያደገ አጥብቆ እንዲይዘው ነው። ነገር ግን ያው ቀዳዳ ያልቀለጠውን ዱቄት ደብቆ ያስቀራል። ይህም ትርፍራፊ በሰውነት ውስጥ ቢላቀቅ ሥጋን ሊያስቈጣ ይችላል። በ121 ዲግሪ እንፋሎት መቀቀልም አያስወግደውም፤ ቲታኒየም ከ1,600 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥምና። ስለዚህ ምትኩ አስቀድሞ በታመቀ አየር ይነፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይታጠባል፤ ከዚያም ውስጡ በኤክስሬይ ይመረመራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አምራቾች ትርፍራፊው መወገዱን እንዲያረጋግጡ አሳስቧል።

በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችንም ይመለከታል። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለ ምትክ ወደ አገር ሲገባ «ተቀቅሏል» የሚል ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ ስለ መጽዳቱም ማስረጃ ሊጠየቅ ይገባል።

«ይህ ለአምቦ ምኗ ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችንም መሐንዲሶችንም የሚያሠለጥን ስለ ሆነ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከዚህም በላይ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ የሚሠራበት ቱቦ ያለው ማናቸውም የሕክምና መሣሪያ በዚሁ ሕግ ሥር ነው፤ በውስጡ የደረቀ ደም ተሕዋስያንን ከእንፋሎት ይሸፍናል። ሐኪሙን ሁሉ ያመሰግነዋል፤ መሣሪያውን የሚያጥበውን ሠራተኛ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ለእርሱ ብሩሽ፣ በቂ ውሃና በቂ ጊዜ መስጠት ሕይወትን ማዳን ነው።

መምህራን ሆይ፣ ደረቅ ስፖንጅ በነጭ ጤፍ ዱቄት ላይ አሽታችሁ በተማሪዎቻችሁ ፊት አራግፉት። ንጹሕ በመሰለ ጊዜ በጥቁር ወረቀት ላይ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፤ የሚወርደው ዱቄት ከብዙ ቃል ይልቅ ያስተምራል። ማጠብ ይቅደም፤ መቀቀል ይከተል።