የሰው ቀለም
ባለፈው ቅዳሜ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ፣ የሰባት ዓመቷ ልጇ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ እናቷን ስትስል አየሁ። «የሰው ቀለሙን አቀብለኝ» አለችው ታላቅ ወንድሟን። የቱን ሳይል ከአሥራ ሁለቱ እርሳሶች መሀል የፈዘዘውን ሮዝ አውጥቶ ሰጣት። ቡኒው እዚያው አጠገቧ ነው፤ ጫፉ እንኳ አልዶለዶመም። «እማዬ እንደዚህ ናት እንዴ?» ብላት፣ ቀና ሳትል «ቡኒውማ ባሪያ ያስመስላታል» አለችኝ። እናትየው «ወይ የልጅ ነገር!» ብላ ስቃ ቶናውን ቀዳች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣ አለኝ። ለሕፃን ስለ ዘረኝነት ማስተማር ያልሰማውን ማሰማት ነው የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ይቺ ልጅ ግን ሰምታ ጨርሳለች። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ታግዷል፤ ቃሉ ግን ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ የእርሳስ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። እንደ እኔ እንደ እኔ ትምህርቱ ከአንደኛ ክፍል ግብረ ገብ ይጀመር፤ «ሁላችንም እኩል ነን» እያሉ በማዘመር ሳይሆን ያንኑ ቃል በስሙ ጠርቶ፣ ማንን እንደሚያም በመንገር። ምሳሌ ፍለጋ አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ የደቡብ አፍሪካን የነጮች አገዛዝ ሊታገል የተነሳው ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ ነው። ልጅቷ እሱን ብትስል የትኛውን እርሳስ እንደምታነሳ ግን አልጠየቅኳትም። ስወጣ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ጀበና፣ ሮዝ እናት።