በሰዓት የሚከፈለው መምህር የዕድሜ ልክ ሠራተኛ ነው



በከተማችን መቐለ ልጆቻችንን በግል ኮሌጆች ከሚያስተምሩት መካከል ቋሚ ቅጥር የሌላቸው ብዙ ናቸው። "ፓርት ታይመር" ይባላሉ። ክፍል ውስጥ የቆሙበት ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈላቸዋል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ውላቸውም አብሮ ያልቃል። ክረምት ሲገባ ደመወዝ የለም፤ ሲታመሙ ደመወዝ የለም፤ ሲያረጁ ደግሞ ጡረታ የለም። ለብዙ ዓመታት አስተምረው ከሕጉ ዓይን አንድም ቀን እንዳልሠሩ የሚቆጠሩ ዜጎች ናቸው።

ፓርቲያችን ይህን ጉዳይ በምርጫ ማኒፌስቶው ውስጥ ያካተተው በልመና ወይም በርኅራኄ ስሜት ተነሳስቶ አይደለም። ጉዳዩ የመብትና የሕግ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሥልጣን ላይ የነበሩትም ሆኑ ያሉት ሕጉን ሲያወጡ እነዚህን ሠራተኞች ረስተዋቸዋል፤ ሕጉ የሚጠብቃቸው በሆነበት ቦታ ደግሞ እንዲከበር አላደረጉም።

፩. የሰዓት ክፍያው ሒሳብ

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላው። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ሰዓት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት ቢሰጥ 48 ሰዓት ይሆናል። መምህሩ የሚከፈለው ለእነዚህ 48 ሰዓታት ነው። በክፍሉ 60 ተማሪዎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የአጋማሽ ፈተና፣ አንድ የማጠቃለያ ፈተናና አንድ አሳይመንት ቢሠራ 180 ወረቀት መታረም አለበት። ለአንዱ ወረቀት 15 ደቂቃ ብቻ ብንመድብ እርማቱ 45 ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ እርማቱ ብቻውን ከማስተማሪያው ሰዓት ጋር ሊስተካከል 3 ሰዓት ነው የሚቀረው። ሃንድአውት ማዘጋጀት፣ ፈተና ማውጣት፣ ግሬድ ማስገባት፣ ቅሬታ ያለውን ተማሪ ማነጋገር ገና አልተቆጠረም። በሰዓት ይህን ያህል ብር ተብሎ በውሉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በተግባር ሲታይ ግማሹም አይደርስም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። መንግሥት የኑሮ ውድነቱን በማመን ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራተኞቹን ደመወዝ ሲያሻሽል የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። በሰዓት የሚከፈለው የግል ኮሌጅ መምህር ግን የሰዓት ዋጋውን ከፍ እንዲያደርግለት አሠሪውን የሚያስገድድ ሕግ አልነበረውም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ከደነገገ በኋላ ዓመታት ያለ ምንም ወለል አልፈዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

፪. ሠራተኛ ነው ወይስ ነጋዴ?

የኮሌጅ ባለቤቶች ከሚያቀርቡት ምክንያት ሁሉ የሚቀድመው "ፓርት ታይመር የእኛ ሠራተኛ አይደለም፤ የሙያ አገልግሎት የሚሸጥልን ባለሙያ ነው" የሚለው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ባለቤቶቹ የሚሸሸጉት ከዚህች አንቀጽ ጀርባ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 4 የሥራ ውል ምን እንደሆነ ተርጉሟል። አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም የተወሰነ ሥራ ለመሥራት ሲስማማ የሥራ ውል አለ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነው። የትምህርት ፕሮግራሙን ማን ያወጣል? ክፍሉ የማን ነው? ተማሪውን ማን መዘገበ? ካሪኩለሙን ማን ሰጠ? መምህሩ ቢቀር ማን ይቆጣዋል? መልሱ ሁሉ "ኮሌጁ" ከሆነ መምህሩ በኮሌጁ መሪነት የሚሠራ ሠራተኛ ነው። የራሱን ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ ሰው አይደለም። ከክፍያው ላይ የመቀጠር ገቢ ግብር እየቆረጠ "ሠራተኛዬ አይደለም" የሚል ኮሌጅ ካለ ደግሞ በአንድ አፍ ሁለት ምላስ ነው። ግብር ሲቆረጥ ሠራተኛ፣ ጡረታ ሲጠየቅ ነጋዴ ሊሆን አይችልም።

በየሴሚስተሩ ውሉን እያደሱ "ጊዜያዊ ነው" የማለቱ ዘዴም በሕግ ፊት የሚያስኬድ አይደለም። በአንቀጽ 9 መሠረት ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ልዩ ሁኔታዎቹ በአንቀጽ 10 ተዘርዝረዋል። ያንኑ ኮርስ በዚያው ኮሌጅ በየዓመቱ የሚያስተምር መምህር እንዴት ሆኖ ነው ጊዜያዊ የሚሆነው?

ሠራተኛ ነው ከተባለ ደግሞ የሚከተሉት መብቶች በልመና አይገኙም፤ ሕጉ ራሱ ሰጥቷል። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ሲታመም ለመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል። ሴት መምህርት ስትወልድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። ዛሬ ነፍሰ ጡር ፓርት ታይመር የምትሰማው ግን "በሚቀጥለው ሴሚስተር እንጠራሻለን" የሚል ቃል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ ዕድገትና በክፍያ እኩል መብት አላቸው ሲል ከእነርሱ ውስጥ ፓርት ታይመሯን አላስቀረም።

፫. ጡረታው የት ገባ?

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ታወጀ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን በአዋጅ የሚመራ ጡረታ ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ለ48 ዓመታት የግል ሠራተኛው ውጭ ቆሞ ጠበቀ ማለት ነው። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተካ። አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ በድምሩ ከደመወዙ 18 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ገቢ ይሆናል።

የመጀመሪያውን አዋጅ ያወጣው ኢሕአዴግ ነው፤ ሁለተኛውን ያወጣው ብልጽግና ነው። በመካከላቸው ብዙ ጠብ አለ፤ በአንድ ነገር ግን ተስማምተዋል። ሁለቱም ሒሳባቸውን በመደበኛ የወር ደመወዝ ላይ መሠረቱ፤ በሰዓት እየተከፈለው በሁለትና በሦስት ኮሌጅ የሚሠራው ሰው አገልግሎቱ እንዴት እንደሚቆጠር በግልጽ አልደነገጉም። አሠሪዎች ይህን ክፍተት በሩን ለመዝጋት ተጠቀሙበት።

የሚታጣው ምን ያህል ነው? አንድ መምህር ከኮሌጆቹ በአማካይ በወር 10,000 ብር ያገኛል ብለን እናስብ። 18 በመቶው 1,800 ብር ነው። በዓመት 21,600፣ በ20 ዓመት 432,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ክፍያው ሳይጨምር ነው። ጡረታ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ከአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከ10 ዓመት በላይ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል። 20 ዓመት ያገለገለ 42.5 በመቶ ይደርሰዋል። በምሳሌያችን ይህ በየወሩ 4,250 ብር ነው፤ ሲሞትም ለቤተሰቡ ይተርፋል። ፓርት ታይመሩ ግን ዜሮ ነው የሚያገኘው።

እኛ የመቐለ ነዋሪዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግረን አያስፈልገንም። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰብን ጦርነትና ባንኮች በተዘጉበት ጊዜ ያለ ደመወዝ መኖር ምን እንደሆነ አይተናል። የትግራይ የመንግሥት መምህራን የ17 ወራት ውዝፍ ደመወዛቸውን ሲጠይቁ ቆይተዋል፤ ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው፤ ፓርቲያችንም ይደግፈዋል። ነገር ግን ፓርት ታይመሩን አስቡት። ኮሌጁ ሲዘጋ ውሉ ተቋረጠ፤ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ስለሌለ ውዝፍ ብሎ የሚጠይቀው እንኳ የለውም። ሰላም በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ ክፍሎቹ ሲከፈቱ በዚያው ባዶ ውል ተመለሰ።

፬. በሌላው ዓለም

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ በመደበኛነት በፓርት ታይም የሚያስተምሩ መምህራን ከሙሉ ጊዜ መምህር ጋር የተመጣጠነ ክፍያ፣ ፈቃድና የጡረታ ሽፋን ሊያገኙ ይገባል ብሏል። በእንግሊዝ አገር በየቀኑ አበል እየተከፈላቸው በትርፍ ጊዜ የሚሠሩ ዳኞች ጡረታ ሲከለከሉ አንዱ ዳኛ መንግሥትን ከሰሰ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012፣ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጉዳዩን መርምረው ጡረታ እንደሚገባው ተወሰነ። በቀን ስለተከፈለ ብቻ ሠራተኛነቱ አይጠፋም ማለት ነው። በቀን ለሚከፈለው ዳኛ የተፈቀደው በሰዓት ለሚከፈለው መምህር የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

፭. ለተቃራኒ ሐሳቦች መልሳችን

"ፓርት ታይመሩ ሌላ ቦታ ቋሚ ሥራና ጡረታ አለው" ይባላል። የአንዳንዱ እውነት ነው። እንዲህ ያለው መምህር የሚጠይቀው ለሠራው ሰዓት እኩል ክፍያ ነው። ሁለት ጡረታ ይሰጠው አላልንም፤ ተጨማሪ ገቢው በአንዱ ጡረታው ላይ እንዲደመርለት ግን እንፈልጋለን። ሕይወቱን በሙሉ በሰዓት ክፍያ የሚመራውን ግን ባለው ሰው ምክንያት መቅጣት ግፍ ነው።

"ኮሌጆች ይከስራሉ፤ የትምህርት ክፍያ ይጨምራል" ይባላል። የአሠሪው መዋጮ ከፓርት ታይመሮች ክፍያ 11 በመቶ ነው፤ ከተማሪው ጠቅላላ ክፍያ 11 በመቶ አይደለም። በጦርነቱ የተጎዱ የትግራይ ኮሌጆች እፎይታ እንደሚያስፈልጋቸው እናውቃለን፤ ያንን እፎይታ መስጠት ግን የመንግሥት ፋንታ ነው፤ ከመምህሩ ሽምግልና ላይ መቀነስ የለበትም።

፮. ፓርቲያችን ቢመረጥ

1ኛ/ የአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ማሻሻያ በማቅረብ በሰዓት የሚከፈሉ መምህራን አገልግሎት በሰዓት ተደምሮ ወደ ዓመት እንዲለወጥ፣ እያንዳንዱ ኮሌጅም በከፈለው መጠን 11 በመቶውን እንዲያዋጣ እናደርጋለን።

2ኛ/ አንድ መምህር በብዙ ኮሌጅ ቢሠራም መዋጮው ሁሉ በአንድ የጡረታ መለያ ቁጥር እንዲገባለት እናደርጋለን።

3ኛ/ የሰዓት ክፍያ የዝግጅትና የእርማት ጊዜን እንዲያካትት፣ ተመሳሳይ ኮርስ ከሚሰጥ ቋሚ መምህር ደመወዝ ጋር እንዲመጣጠን በሕግ እንወስናለን።

4ኛ/ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የኮሌጅ ፈቃድ ሲያድስ የጡረታ መዋጮ ደረሰኝ እንዲጠይቅ እናደርጋለን።

5ኛ/ በጦርነቱ ምክንያት የተቋረጠ አገልግሎት የፓርት ታይመሮችን የአገልግሎት ዘመን እንዳይሰብር የመሸጋገሪያ ድንጋጌ እናወጣለን።

ለመምህራኑም አንድ ቃል አለን። እስከ ምርጫው ቀን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ውላችሁንና የክፍያ ወረቀታችሁን አስቀምጡ። ውል በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ ሕጉ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ እንዲሰጣችሁ ያስገድደዋል፤ ባይሰጥም መብታችሁ አይቀርም። ያልተከፈለ ደመወዝ የመጠየቅ መብት በ6 ወር ይርጋ ስለሚታገድ አትዘግዩ። 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ተደራጁ።

የሓድነት ወላጆችና ተማሪዎች ሆይ! ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው እየሮጠ፣ ስለ ነገ እየተጨነቀ የሚያስተምር መምህር ለልጆቻችሁ ያለውን ሁሉ ሊሰጥ አይችልም። የመምህሩ ጉዳይ የእናንተም ጉዳይ ነው። እጩዎቻችን ወደ እናንተ ሲመጡ ይህንን ወረቀት ይዛችሁ ጠይቋቸው፤ የገዥውን ፓርቲ እጩም ጠይቁት። መልስ ላለው ድምፃችሁን ስጡ።

ላስተማረ ሁሉ ፍትሐዊ ክፍያ! ላረጀ ሁሉ ጡረታ!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ