የአፋልጉኝ ማስታወቂያው ለማን ነው?

በስልክ እንጨት፣ በሱቅ በር፣ በቴሌግራም፣ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ሳናይ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ትናንት በፎቶ ያዩትን ሰው ዛሬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቢያገኙት ይለዩታል?

መልሱ በከፊል በዕድሜዎ ይወሰናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ እንዳዩት፣ ሰው ከሌላው ይልቅ የዕድሜ እኩያውን ፊት የማስታወስ ዝንባሌ አለው። አንዱ ምክንያት አብሮ መዋል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሕፃናት ጋር የሚውሉ የመምህርነት ሠልጣኞች የልጆችን ፊት ከእኩዮቻቸው ፊት ባላነሰ ያስታውሳሉ። ከልጆች ጋር የማይውሉት ወጣቶች ግን የልጆቹ ፊት ይምታታባቸዋል።

እኔ በምሠራበት የማርኬቲንግ ሙያ ለሳሙና ማስታወቂያ እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለማን ነው?» ተብሎ ነው። ሰው ሲጠፋብን ግን ይህን ለመጠየቅ ፋታ የለንም። መርሳት የጀመራቸው እናት ወጥተው ቢቀሩ፣ ፎቷቸውን የምንልከው ስልካችን ውስጥ ላሉት ለእኛው እኩዮች ነው። ለብዙዎቻችን ደግሞ እሳቸው «ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት» ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ለፖሊስ ወዲያው ያመልክቱ፣ በስልክም ያጋሩ፤ በዚያ ግን አያብቁ። የጠፉት አዛውንት ከሆኑ ወረቀቱን ይዘው እኩዮቻቸው ወደሚውሉበት ይሂዱ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጃፍ፣ ወደ ዕድር፣ ወደ ጤና ጣቢያ። የጠፋው ልጅ ከሆነ በአካባቢው ላሉ መምህራን፣ ለትምህርት ቤት ጥበቃዎችና ለልጆቹ ለራሳቸው ያሳዩ። ልጆች ስለሌላ ልጅ ሲጠየቁ ዓይናቸው ቀላል አይደለም።

ፎቶውም ዕድሜ አለው። የልጅ መልክ ቶሎ ይለወጣል። በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል ለረጅም ጊዜ ያልተገኙ ልጆችን ምስል፣ 18 ዓመት እስኪሞላቸው በየ2 ዓመቱ ገደማ በባለሙያ «እያሳደገ» ያድሳል። እኛ ቤት ሥራው ከዚያ ይቀላል። ለሠርግ አምረው የተነሱት ሳይሆን፣ የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፊት ለፊት፣ በቀን ብርሃን የተነሱት ፎቶ ይኑርዎ። በየስድስት ወሩ ይቀይሩት።

አምላክ አያሳጣን። ግን ስልክዎን ይክፈቱና ይፈልጉ፤ የእናትዎ የዘንድሮ ፎቶ አለዎት?