ነርሷ ትቆጣ አሉን

«ሕዝባችን ስፖርት ሥራ ሲሉት አይሰማም፤ ነርሶች ቆጣ ማለት አለባቸው።» ሰሞኑን በሬዲዮ የጤና ሰዓት የቀረቡ አንድ ዶክተር ናቸው እንዲህ ያሉት። አዘጋጁም «እውነት ነው» ብሎ ወደ ሙዚቃው አለፈ።

እኔ ማለፍ አቃተኝ። ለመሆኑ እኒህ ሰው የስኳር ክትትል ክፍል በር ላይ ወረፋ ጠብቀው ያውቃሉ? እናት በባዶ ሆዳቸው በጠዋት ይመጣሉ፤ ካርድ ይወጣል፣ ደም ይሰጣሉ፣ ይጠብቃሉ። ተራቸው ሲደርስ ሲስተር ግፊታቸውን ለክታ፣ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል «እንቅስቃሴ ያድርጉ፣ እሺ እማማ?» ትላለች። «እሺ ልጄ።» አለቀ። አልተሰማም የተባለው ምክር እንግዲህ ይህ ነው።

ማን ጠየቃቸው? ቀኑን ሙሉ ጉልት ተቀምጠው ሽንኩርት ይሸጣሉ ወይስ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው ይወርዳሉ? ጫማቸውን አስወልቆ እግራቸውን ያየ አለ? ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ ጠባብ ፕላስቲክ ጫማ የተጫማ ሰው «በደንብ ይራመዱ» ቢባል መቁሰሉን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ኢንሱሊን እየወሰዱ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ዳገት ቢወጡስ? ስኳሩ ወርዶ መንገድ ላይ ይጥላል። ከረሜላ ከኪስዎ አይጥፋ ያላቸው ማን ነው? ቁጣ ይህን አያስተምርም።

እንግዳው የዓለም ጤና ድርጅትን ጠቅሰው በሳምንት 150 ደቂቃ እያሉ አስፈራርተውናል። ያው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጥቂት እንቅስቃሴ ከምንም ይሻላል፣ የቤት ሥራም ሆነ በእግር መሄድ ይቆጠራል ማለቱን ግን ዘለሉት። ለቁጣ አይመችማ!

ወረፋው ረጅም ነው፣ ነርሷ ጊዜ የላትም ይሉኝ ይሆናል። የመቆጫው ጊዜስ ከየት መጣ? «ትናንት የት የት ሄዱ? ጉልበትዎን ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅ፣ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ለመውረድ መስማማት፣ ካርዱ ላይ ጽፎ በቀጣዩ ቀጠሮ «እንዴት ሆነልዎት?» ማለት ከግሳጼ ብዙ አይረዝምም።

በነገራችን ላይ፣ ዶክተሩ ጠዋት ጠዋት ጂም እንደሚሠሩ ነግረውናል። ይበርቱ። የሚያሠራቸው ልጅ ግን ወገባቸውንና ጉልበታቸውን ሳይጠይቅ፣ ተቆጥቶ ትሬድሚል ላይ እንዳላወጣቸው እወራረዳለሁ። ከፍለውታላ!