ሻጭን በየጠባዩ ስለ ማወቅ
የመንጌ የወርቅ ገበያ እንደ ምሳሌ

ፖከር በሚባለው የካርታ ጨዋታ የሠለጠነ ሰው የያዘውን ካርታ ብቻ አይመለከትም፤ ከፊቱ የተቀመጠውንም ሰው ያጠናል። አንዱ ተጫዋች ጠንካራ ካርታ ካልደረሰው በቀር ገንዘብ አያወጣም፤ እንዲህ ያለው ሰው ውርርዱን ከፍ ሲያደርግ ካርታን ጥሎ መውጣት ይበጃል። ሌላው የመጣለትን ውርርድ ሁሉ ይቀበላል፤ እርሱን ባዶ እጅ ይዞ ማስፈራራት ከንቱ ድካም ነው። ሦስተኛው ዘወትር ይደነፋል፤ ለርሱ መድኀኒቱ ትዕግሥት ነው። ፎን ኖይማንና ሞርገንሽተርን የተባሉት ሊቃውንት በ1944 እ.ኤ.አ. ስለ ኤኮኖሚ ጠባይ ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ጨዋታ በሒሳብ መርምረውታል። ይህ ማለት ግን ቁማር ለነጋዴ ይበጃል ማለት አይደለም፤ በቁማር የተዘጋው ሱቅ ጥቂት አይደለምና።

ነገሩ ከመንጌ ገበያ ጋራ ሲነጻጸር ይበልጥ ይገለጣል። በአሶሳ ዞን ያለው የመንጌ ወረዳ በወርቁ የታወቀ አገር ነው። የግብጹ ገዢ መሐመድ ዓሊ በስተርጅና ዘመኑ፣ በ1838 እ.ኤ.አ.፣ ወደ ፋዞግሊ የተጓዘው የዚሁ አካባቢ የወርቅ ዝና ስቦት ነው። ዛሬም የበርታ ሴቶች የወንዙን አሸዋ በገበቴ እያጠቡ ወርቁን ይለያሉ።

እንግዲህ ወርቅ ገዢው ከፊቱ የሚቀርበው ሻጭ አንድ ዐይነት አይደለም። ከብዙ ጉድጓድ ያሰባሰበው ደላላ ዋጋ ሰምቶ ይነሣል፤ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ከርሱ ጋራ መጣደፍ ጉዳት ነው፤ የወርቁን ጥራት ሳይፈትኑ ዋጋ መናገርም የባሰ ጉዳት ነው። ስልክ የያዘው ወጣት ደግሞ የዓለሙን ዋጋ በጧት አይቶ መጥቷል። እርሱን በንግግር ለመርታት ከመድከም ይልቅ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ገልጦ ማሳየት ይሻላል፤ ይኸውም የአንዱን ወቄት ዋጋ ለ31.1 ግራም ማካፈል፣ በዕለቱ ምንዛሪ ማባዛት፣ ከዚያም የጥራቱን ልክ ማስላት ነው። ባለ 22 ካራት የሆነ 10 ግራም ወርቅ ውስጥ ያለው ጥሩ ወርቅ 9.17 ግራም ያህል መሆኑን ያየ ሰው ስለ ቅናሹ ብዙ አይጣላም።

ከሁሉ ይልቅ ገዢዎች የሚስቱት ከወንዝ በምትመጣው ሴት ላይ ነው። የያዘችው ወርቅ ጥቂት ነው፤ ለጨው፣ ለማሽላና ለልጅ ደብተር የሚሆን ገንዘብ ትፈልጋለች፤ ብዙም አትከራከርም። ስለዚህ ደካማ ተጫዋች ትመስላቸዋለች። «ነገ ዋጋው ይወድቃል» ብሎ ማስፈራራትም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፖከር ተጫዋቾቹ ተበታትነው የሚያልቅ ጨዋታ ሲሆን ይህች ሴት በሚቀጥለው ገበያ ትመለሳለች፤ ዋጋው ሳይወድቅ የቀረ እንደ ሆነም ታስታውሳለች፤ አብረዋት ለሚያጥቡትም ሁሉ ትነግራለች። በአንድ ግራም ላይ የተገኘው ትርፍ የአንድን መንደር ወርቅ ያስቀራል። በተለይ ልጅ ታሞባት የመጣችበትን ቀን ምቹ አጋጣሚ አድርጎ መቊጠር እንደ ብልኀት ሊታይ አይገባውም።

ጠባይን ለይቶ ማነጋገር ተገቢ ነው፤ ሚዛንን በየሰዉ መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያደባልቁ ሰዎች «ንግድ እንዲህ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። የይፋው ምንዛሪና የጥቁር ገበያው በጣም ተራርቀው በነበሩበት ጊዜ ወርቅ በድንበር በኩል በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ለብሔራዊ ባንክ የሚገባው ወርቅ እጅግ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ሻጩን ወደ ሕጋዊው ገዢ የሚያመጣው የምንዛሪው ልክ ብቻ አይደለም፤ የተታለለ ሰው የድንበሩን መንገድ ያውቀዋል። ከዚያም ጉዳቱ በወርቅ ገዢው ላይ ብቻ አይቀርም፤ የወርቁን ገንዘብ ተቀብሎ ጨርቅ፣ ስኳርና ሳሙና የሚሸጠው የመንጌና የአሶሳ ባለሱቅም ገበያው ይቀዘቅዝበታል።

በመንጌ የሚገዛ ነጋዴ ሚዛኑን ፊቱን ወደ ሻጩ አዙሮ ቢያስቀምጥ፣ የዕለቱን ዋጋ በር ላይ ቢጽፍ፣ በበርታ ቋንቋና በዐረብኛ የሚያስረዳ ሰው ከአጠገቡ ቢያኖር ብዙ ወጪ አይጠይቀውም። ከደላላው ጋራ ግን እስከ ማታ ድረስ ቢከራከር ማንም አይወቅሰውም።