ያላየናቸውን ባሌሪናዎች ስለ መውደዳችን

በዶርማችን ግድግዳ ላይ የአንድ የቆየ ሥዕል ግልባጭ ለጥፈናል። ሥዕሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. ሎንዶን ውስጥ በአንድ መድረክ አብረው የታዩትን አራት ሴቶች የሚያሳይ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።) ነጭ ልብስ ለብሰው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እግራቸው መሬት መንካቱ እስኪያጠራጥር ድረስ ቀለው ይታያሉ። ሥዕሉን ያየ ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን፣ አንድም ቀን ሲጫወቱ ያላያችኋቸውን ሴቶች እንዴት ትወዳላችሁ?» አንደኛው እንዲያውም ከዚህ አልፎ፣ ይህ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ሥራ ሲፈታ የሚይዘው በሽታ ነው አለን። ብዕር ያነሣነው ለእርሱ መልስ ለመስጠት ነበር። ነገር ግን መልሱን ስናዘጋጅ ያላሰብነው ጉዳይ ስለ ገጠመን፣ ጽሑፉ ከእርሱ ይልቅ በእኛው ላይ ዞሮብናል።

አስቀድመን ስለ ስሙ አንድ ቃል እንበል። «ባሌት» ስንል መጨረሻዋን «ት» ይዘን የምንጠራው ሆን ብለን ነው። ፈረንሣዮች ይህችን ፊደል አያሰሟትም። እኛም እንደ እነርሱ ብንጥላት ግን አንዲት እኅታችን «ባሌን እወዳለሁ» ባለች ቁጥር ሰሚው ሁሉ መቼ አገባሽ ሊላት ነው።

አላያችኋቸውም ለተባለው መልሱ አጭር ነው። የታሪክ ተማሪ ዐድዋን አላየም፤ ሆኖም በዐድዋ ነገር ሲከራከር ሌሊቱ ይነጋበታል። ያም ሆኖ የዳንስ ነገር ከጦርነትም ይብሳል። ጦርነት ድንበርና መቃብር ትቶ ያልፋል፤ ዳንስ ግን መጋረጃው ሲወርድ አብሮ ያልቃል። በዚያ ዘመን ፊልም አልነበረም። የቀሩልን በድንጋይ ላይ ተሥለው የታተሙ ሥዕሎች፣ የጋዜጣ ጸሐፊዎች አድናቆትና አንዳንድ ያረጁ ጫማዎች ናቸው። እንግዲህ እኛ የምንወደው ምስክርነቱን ነው ቢባል አንክድም።

ከአራቱ ሴቶች ትልቋ ማሪ ታሊዮኒ ናት። በ1804 ስቶክሆልም ተወለደች፤ አባቷ ፊሊፖ ጣሊያናዊ የባሌት አቀናባሪ፣ እናቷ ስዊድናዊት ነበሩ። ማሪ በልጅነቷ ለዳንስ የተፈጠረች የምትመስል አልነበረችም። ትከሻዋ ጎበጥ ያለ፣ ክንዶቿ ከልክ በላይ የረዘሙ ስለ ነበሩ፣ ፓሪስ ውስጥ አብረዋት የሚማሩት ልጆች ጎባጣ እያሉ ያላግጡባት እንደ ነበር ይነገራል። በ1822 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ከመታየቷ በፊት አባቷ ለወራት በየቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል አሠራት፤ ጧት ሁለት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ሁለት ሰዓት። በአንድ እግር ቆማ እስከ መቶ ትቆጥር ነበር ይባላል። ጉብጠቷ እንዳይታይ ከወገቧ ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል እንድትል፣ የክንዷ ርዝመት እንዳይታወቅ በደረቷ ላይ አጠፍ እንድታደርገው አስተማራት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የባሌት ተማሪ ሁሉ የዚያን ዘመን ሥራ ሲያጠና ይህንኑ ዘንበል ማለት እንደ ውበት ይማረዋል። ጉድለት መሸፈኛ የነበረው ነገር የዘመን መልክ ሆኖ ቀረ። ይህን ባነበብን ጊዜ ከመካከላችን ቁመቱ ያስጨነቀው አንዱ ወዳጃችን ለሳምንት ያህል ደስ ብሎት ሰንብቷል።

መጋቢት 12 ቀን 1832 «ላ ሲልፊድ» የተባለው ባሌት በፓሪስ ኦፔራ ታየ። ታሪኩ የአንድ የስኮትላንድ ጐልማሳ ነው፤ በሠርጉ ቀን አንዲት የጫካ መንፈስ ትታየዋለች፣ ሙሽራዪቱን ጥሎ ይከተላታል። እንዳታመልጠው ጠንቋይ የሰጠችውን ሻሽ ሲጠመጥምባት ክንፎቿ ይረግፋሉ፣ ትሞታለች። በጣት ጫፍ መቆም ከዚያ በፊትም ነበር፤ ሆኖም እንደ ትዕይንት ብልኃት ይቈጠር ነበር እንጂ ትርጉም አልነበረውም። ታሊዮኒ ግን ትርጉም ሰጠችው፤ መሬት የማትፈልግ ፍጥረት መሬትን የምትነካው በዚህች ብቻ ነው የሚያሰኝ። ጫማዋም ዛሬ እንደምናውቀው ጫፉ በሙጫ የደረቀ አልነበረም። ለስላሳ የሳቲን ጫማ ነበር፤ ጫፉና ዙሪያው በመርፌና በክር ተጠቅጥቆ ይሰፋል እንጂ ሌላ ድጋፍ የለውም። የቀረውን የሚችለው የገዛ እግሯ ነው።

እዚህ ላይ በእኛ መካከል ጠብ አለ። ግማሾቻችን የፋኒ ኤልስለር ወገን ነን። ኤልስለር በ1810 ቪየና የተወለደች፣ አባቷ የሙዚቀኛው የሃይደን አሽከርና ኖታ ገልባጭ የነበረ ሴት ናት። የፓሪስ ኦፔራ በ1834 ያመጣት የታሊዮኒ ተቀናቃኝ ትሆን ዘንድ ነበር። በ1836 በእጇ ካስታኜት እያንኳኳች «ካቹቻ» የሚባለውን የስፔን ዳንስ ስትጫወት ፓሪስ አበደ። ባለቅኔው ቴዎፊል ጎቲዬ ታሊዮኒን ክርስቲያን ዳንሰኛ፣ ኤልስለርን አረማዊት ዳንሰኛ ሲል ለያቸው፤ እርሱ ራሱ ልቡ ወደ አረማዊቷ ያጋደለ ነበር። ከ1840 እስከ 1842 አሜሪካን ስትዞር የተቀበላት ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ ፈቃዷ ካለቀ በኋላም ሳትመለስ በመቅረቷ ኦፔራው ከስሶ ካሣ አስፈርዶባታል። የታሊዮኒ ወገኖች ኤልስለር መንፈስ የላትም ይላሉ። እኛ ደግሞ ሥጋና ደም እንዳላት የምትናገር ዳንሰኛ ምን ነውር አለባት እንላለን። ጠቡ አላለቀም።

በግድግዳችን ላይ ያለው ሥዕል ግን ኤልስለር የሌለችበት ነው። ታሊዮኒ፣ ካርሎታ ግሪዚ፣ ፋኒ ቼሪቶና ሉሲል ግራን፣ ሐምሌ 12 ቀን 1845 በሎንዶን የንግሥቲቱ ቲያትር፣ ጁል ፔሮ ባቀናበረው «ፓ ደ ካትር» ላይ ናቸው። የክብር ቦታ የመጨረሻዋ ተራ ነበረች፤ እርሷም ያለ ክርክር የታሊዮኒ ሆነች። ከእርሷ ቀጥላ ያለችውን ተራ ግን ቼሪቶም ግሪዚም ፈለጓት። ፔሮ ተስፋ ቈርጦ ወደ ቲያትሩ ሥራ አስኪያጅ ወደ ላምሊ ሄደ። ላምሊ በትዝታው እንደሚነግረን፣ ቦታው በዕድሜ ለምትበልጠው ይሰጥ ብሎ ፈረደ። ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ፤ ቦታውን የሚፈልግ ግን ጠፋ! አራቱ አብረው የተጫወቱት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ከእነዚህም በአንዱ ንግሥት ቪክቶሪያ ተገኝታለች።

እስከዚህ ድረስ ለዚያ ወዳጃችን የምንመልሰው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ደስ አይልም።

ዶክተር ቬሮን ከ1831 እስከ 1835 የፓሪስ ኦፔራን ሲያስተዳድር፣ ዳንሰኞቹ ሰውነታቸውን የሚያሟሙቁበትን አዳራሽ ለሀብታም ደንበኞች ክፍት አደረገው። ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባው ዳንስ ለመማር አልነበረም። ከታች ያሉት ልጃገረዶች፣ «ትናንሽ አይጦች» እየተባሉ የሚጠሩት፣ አብዛኞቹ የድኻ ልጆች ነበሩ። በመድረክ ላይ ንጽሕት መንፈስ፣ ከመድረክ ጀርባ ዋጋዋ የሚጠየቅ። የሥዕሎቹ ሠዓሊዎች ይህንን አልሣሉልንም፤ እኛም ብዙ ጊዜ አልጠየቅናቸውም።

ከዚህም የከፋው የእሳቱ ነገር ነው። ያ ጨረቃ የሚመስል ብርሃን ከጋዝ መብራት የሚመጣ ነበር፤ ያ ጉም የሚመስል ቀሚስም ስስ ሻሽ ነበር። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ የሚሆነው የታወቀ ነው። በታኅሣሥ 1844 እንግሊዛዊቷ ክላራ ዌብስተር በሎንዶኑ ድሩሪ ሌን ቲያትር በተመልካች ፊት ቀሚሷ ተቀጣጠለ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተች። «ፓ ደ ካትር» በዚያው ከተማ የታየው ከሰባት ወር በኋላ ነው።

ኤማ ሊቭሪ ደግሞ አለች። በ1842 ፓሪስ የተወለደች፣ እናቷም የኦፔራው ዳንሰኛ የነበረች ልጅ ናት። በ1858፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ በ«ላ ሲልፊድ» ስትታይ ዝናዋ ታሊዮኒ ዘንድ ደረሰ። ታሊዮኒ በዚያን ጊዜ ዳንስ ትታ ጣሊያን አገር በኮሞ ሐይቅ ዳር ትኖር ነበር። ተነሥታ ወደ ፓሪስ መጣች፣ አየቻት፣ ልታስተምራትም ቀረች። በ1860 «ፓፒዮን»፣ ማለትም ቢራቢሮ፣ የተባለውን ባሌት አቀናበረችላት፤ ሙዚቃው የኦፈንባክ ነው። በባሌቱ ውስጥ ቢራቢሮዪቱ ወደ ችቦ ትበርና ክንፎቿ ይቃጠላሉ። ይህን የፈጠርነው አይደለም።

ከዚያ አስቀድሞ በ1859 የመድረክ ልብስ ሁሉ እሳት እንዳይዘው በመድኃኒት ይነከር የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። መድኃኒቱ ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ነጩንም ያደበዝዘዋል። ሊቭሪ እምቢ አለች፤ በተለመደው ቀሚሴ እጫወታለሁ፣ ኃላፊነቱንም እኔው እወስዳለሁ ብላ ለአስተዳዳሪው ጻፈች። ኅዳር 15 ቀን 1862 በልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷን ብታራግበው ከጋዙ መብራት እሳት ያዘው። ስምንት ወር ስትሠቃይ ቆይታ ሐምሌ 26 ቀን 1863 አረፈች። ዕድሜዋ 20 ነበር። ከእሳቱ የተረፈው የልብሷ ቁራጭ ዛሬም በፓሪስ ኦፔራ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ይህን ለወዳጃችን ብንነግረው «እንግዲህ ራሷ መርጣለች፤ ማን አስገደዳት?» አለ። የዚያን ቀን መልስ አጣን። አሁን ግን ይህን እንላለን፤ ቀሚሱ እንዲነጣ የፈለገው ማን ነበር? ዳንሰኛዪቱ ቀሚሷን ከሩቅ አታየውም። የሚያየው ተመልካቹ ነው። መንፈስ ሆና ካልታየችው የማያጨበጭብላት፣ ጨርቁ ጥቂት ሲደበዝዝ የሚያጉረመርም፣ ቀላል ናት ብሎ ጋዜጣ ላይ የሚያወድሳት እርሱ ነው። ያ ተመልካች ማን እንደ ሆነ ስንፈልግ አገኘነው፤ እኛው ነን። ሥዕሉን ገዝተን የለጠፍነው ስለ ሌላ አይደለም፤ እግራቸው መሬት የማይነካ ስለ መሰለን ነው።

በዚህ ሳቢያ ከመካከላችን አንዱ ሥዕሉ ይነሣ የሚል አሳብ አቀረበ። እኛ የቀረነው አልተስማማንም። ሥዕሉን ማንሣት ታሊዮኒ እስከ መቶ የቆጠረችበትን ጧት ሁሉ አብሮ ማንሣት ነው። ያቺ ሴት የአየር ፍጥረት አልነበረችም፤ ሠራተኛ ነበረች። በኋላም ሀብቷ አልቆባት ሎንዶን ውስጥ ለባላባት ልጆች አቋቋምና የግብዣ ዳንስ እያስተማረች ኖረች፤ 80 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1884፣ ማርሴይ ላይ ሞተች። ኤልስለርም በዚያው ዓመት አረፈች። አባቷ ለታሊዮኒ ያቀናበረው «ላ ሲልፊድ» ራሱ በቀጥታ አልደረሰንም። በኮፐንሃገን እስከ ዛሬ የሚታየው ቡርኖንቪል በ1836 በሌላ ሙዚቃ ያቀናበረው ነው፤ የፓሪሱ ሙዚቃ ዋጋው አልቻል ብሎት ነበር። ያን ጊዜ መንፈሷን ሆና የተጫወተችው በሥዕላችን ላይ ያለችው ሉሲል ግራን ናት። የፓሪሱን ደግሞ ፒየር ላኮት ከቀሩት ማስታወሻዎችና ሥዕሎች ለቃቅሞ በ1972 በኦፔራው መድረክ አቁሞታል። ጥሩ አድርጓል የሚሉም፣ ምኞቱን ነው የቀናበረው የሚሉም አሉ። እኛ ከፊተኞቹ ጋር ነን።

ሥዕሉ አሁንም እዚያው አለ። ባለፈው ሳምንት ያ በሽታ ነው ያለን ወዳጃችን የተዋሰውን ማስታወሻ ሊመልስ መጥቶ፣ እያለፈ ቆም አለና «ጎባጣዋ የትኛዋ ናት?» ሲል ጠየቀን። መካከል ያለችው፣ እጇን ከራሷ በላይ ያነሣችው ናት አልነው። ቀረብ ብሎ ጥቂት አያትና «አትመስልም» ብሎ ሄደ።